ጡት ካስቀነሱ በኋላ የሚለበስ ማስያዣ፦ የቱ ይሻላል?

በቀዶ ሕክምና ጡት ያስቀነሰች ሴት ማስያዣ ስትገዛ ብዙ ጊዜ የምትሳሳተው ቁጥሩ ላይ ነው። ጡቱ ስላነሰ ማስያዣውም ማነስ ያለበት ይመስላታል። እብጠቱ ግን ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ባሉት 3 ወይም 4 ቀናት ውስጥ ይበረታል፤ አብዛኛው በ6 ሳምንት ውስጥ ይጎድላል፣ ቀሪው ወራት ይፈጃል። የመጀመሪያው ማስያዣ የሚገዛው ላበጠው ደረት ነው።

ስለዚህ ደሴ ውስጥ ፒያሳም ገዙ ሸዋ በር፣ ከፊት በመንጠቆ የሚቆለፈውን ይምረጡ። መንጠቆው ሦስት ረድፍ ከሆነ እብጠቱ ሲበረታ ይላላል፣ ሲጎድል ይጠብቃል። ዚፕ ያለው አንድ ልክ ብቻ ነው ያለው፤ ከዚፑ ሥር የጨርቅ መከለያ ከሌለው ደግሞ ቁስል ይፈገፍጋል። በራስ የሚጠለቀው የስፖርት ማስያዣ ክንድ ስለሚያስነሳ ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አይሆንም። ሽቦ ያለውማ ጨርሶ አይታሰብ፤ ሽቦው የሚያርፈው ጡት ሥር ካለው ስፌት ላይ ነው።

ለብሰው ሲሞክሩ ከታችኛው ላስቲክ ሥር ሁለት ጣት በቀላሉ መግባት አለበት። በጣም ያጠበቁት ማስያዣ እብጠት አያጎድልም፤ ላስቲኩ ሥጋ ውስጥ ሲሰምጥ ፈሳሹ ወደ ብብት ይገፋል፣ ቆዳውም ደም ያጥረዋል።

ኮምቦልቻ ለምትኖር ሴት ዋናው ነገር ጨርቁ ነው። ናይለን ላብ ያፍናል፣ ጡት ሥር ያለው ቁስል ይረጥባል፣ ሙቀቱም እብጠቱን ይጨምራል። ጥጥ ይሁን። ደሴ ላይ ብርዱን ፈርቶ ስፖንጅ ያለውን መግዛት ይቀናል፤ እኛ ግን አንመክረውም። ስፖንጅ የአንዱን ጡት ከሌላው በላይ ማበጥ ይሸፍናል፣ በክረምትም ቶሎ አይደርቅም። ለብርዱ ጋቢ አለ።

ማስያዣው ሐኪም እስከፈቀደ ድረስ ቀንም ሌሊትም ስለሚለበስ ሁለት ያስፈልጋል፤ አንዱ ሲታጠብ ሌላው ይለበሳል። በእጅ፣ ለብ ባለ ውኃ፣ ያለ በረኪና ታጥቦ ጥላ ላይ ይሰጣ። ፈላ ያለ ውኃና ፀሐይ ላስቲኩን ያረግባሉ።

አንዱ ጡት በድንገት አብጦ ከተወጠረና ሕመሙ ከባሰ መንጠቆ ማጥበቅ መፍትሔ አይደለም፤ ውስጥ ደም ተጠራቅሞ ሊሆን ስለሚችል ሌሊትም ቢሆን ሆስፒታል ይኬዳል። 38 ዲግሪና ከዚያ በላይ ትኩሳት፣ መግል፣ የባት ሕመም ወይም የትንፋሽ ማጠር ሲኖርም እንዲሁ።