የቀለም ምርመራ ወይስ የላቦራቶሪ ማሽን?

ቸርችል ጎዳና ባለው ዋናው ፖስታ ቤት በኩል በመጣ ጥቅል ውስጥ ነጭ ዱቄት ተገኘ እንበል። ኮኬይን ነው ወይስ ሌላ?

የቀለም መመርመሪያ ርካሽ ነው፤ መብራት አይፈልግም፤ ውጤቱም በደቂቃዎች ውስጥ ይታያል። በቢላ ጫፍ የሚነሳ ዱቄት ላይ ኮባልት ታዮሳያኔት የተባለ የመመርመሪያ ኬሚካል ሲጨመር ኮኬይን ሰማያዊ ይሆናል። ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ሲከተል ወደ ሮዝ ይለወጣል፤ ክሎሮፎርም ሲገባ ደግሞ ከሥር የሚዘቅጠው ፈሳሽ ሰማያዊ መሆን አለበት። ስህተቱ የሚመጣው የመጀመሪያውን ሰማያዊ አይቶ ከማቆም ነው፤ ዳይፈንሃይድራሚን የተባለው የአለርጂ መድኃኒትም ያንኑ ቀለም ይሰጣል። ዱቄቱ ከበዛ አሲዱ ቢጨመርም ሰማያዊው አልለቅ ይላል። በቢጫ አምፖል ሥር ማንበብማ ባይሞከር ይሻላል።

የላቦራቶሪው ማሽን፣ ማለትም ጋዝ ክሮማቶግራፊ ከማስ ስፔክትሮሜትሪ ጋር ሲጣመር ግን ድብልቁን ነጣጥሎ እያንዳንዱን ንጥረ ነገር በሞለኪውሉ ስብርባሪ ያውቀዋል፤ የኮኬይን ዋና ምልክቶች በማሽኑ የክብደት መለኪያ 82፣ 182 እና 303 ላይ ይወጣሉ። መጀመሪያ ባዶ ሟሟ (ምንም ናሙና ያልገባበት ማሟሚያ ፈሳሽ)፣ ቀጥሎ ማንነቱ የታወቀ ኮኬይን፣ እንደገና ባዶ ሟሟ፣ ከዚያ የተያዘው ዱቄት ይገባል። ባዶው ከተዘለለ ካለፈው ናሙና የቀረ ቅሪት ንጹሕ ሰው ያስከስሳል። የአዲስ አበባ ጣጣ መብራት ነው፦ ሲቋረጥ የማሽኑ ቫኪዩም (አየር አልባው ውስጡ) ይፈርሳል፣ እስኪረጋጋም ሰዓታት ይወስዳል። ዩፒኤስ፣ ማለትም መብራት ሲጠፋ የሚተካ ባትሪ፣ የግድ ነው።

ጥቅሉን ለማቆየት ቀለሙ ይበቃል። አደንዛዥ ዕፅን በሚመለከተው የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 525 ልደታ ችሎት ለመቅረብ ግን በቀለም ብቻ መሄድ ድፍረት ነው። ስለዚህ ዱቄቱ በቀለም ሙከራ ተሟጥጦ አይለቅ፤ ለማሽኑም፣ ለድጋሚ ምርመራም ተመዝኖና ታሽጎ ይቀመጥ።