ከሆስፒታል ፓርኪንግ የሚመጣ የ100 ፓውንድ ደብዳቤ፦ ፈርታችሁ አትክፈሉ፣ ንቃችሁም አትጣሉ

ወገኖች፣ እንግሊዝ አገር መኪና የምትነዱ፣ በተለይ እናት አባት ወይም ልጅ ሆስፒታል የምታመላልሱ፣ ይህን አንብባችሁ ለሌላውም አድርሱ። ስንቱ ሰው ሳያጣራ ብሩን እያወጣ እንደሚሰጥ ሳይ ያንገበግበኛል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቀጠሮ አላችሁ። ሆስፒታሉ ግቢ መኪና ታቆማላችሁ፣ ማሽኑ ላይ ትከፍላላችሁ፣ ውስጥ ወረፋው ይጓተታል፣ ጨርሳችሁ ወደ ቤት ትሄዳላችሁ። ከቀናት በኋላ ፖስታ ይመጣል። መኪናችሁ ስትገባና ስትወጣ ካሜራ ያነሳው ፎቶ አለው፣ ታርጋው ጎልቶ ይታያል፣ ከሥሩ ሰዓቱ እስከ ሰከንዱ ተጽፏል። በትልቁ 100 ፓውንድ ይላል። ከዚያ ደግሞ ለብቻው በሳጥን ተከቦ፦ በ14 ቀን ውስጥ ከከፈሉ 60 ብቻ። ወጥመዱ ያቺ 60 ናት። አርባ ፓውንድ ያተረፋችሁ ይመስላችኋል፣ ግን አንዴ ከከፈላችሁ ጥፋቱን እንዳመናችሁ ይቆጠራል፣ ይግባኝ የሚባል ነገር አይኖርም።

መጀመሪያ ላኪው ማን እንደሆነ እዩ። ካውንስል ወይም ፖሊስ ከሆነ በሕግ የተሰጠ ቅጣት ነውና የራሱ መንገድ አለው፣ ይህ ጽሁፍ ለዚያ አይሆንም። የሆስፒታል ፓርኪንግ ግን ብዙ ጊዜ የሚተዳደረው በግል ኩባንያ ነው። ኩባንያው ስማችሁንና አድራሻችሁን ከዲቪኤልኤ (መኪናና መንጃ ፈቃድ ከሚመዘግበው የመንግሥት መሥሪያ ቤት) 2 ፓውንድ ከ50 ከፍሎ ይወስዳል፣ ከዚያ ደብዳቤውን የመንግሥት ቅጣት አስመስሎ ይልካል። በእርግጥ የሚለው ግን «ፓርኪንጉ ውስጥ በተሰቀለው የማስታወቂያ ቦርድ ላይ የተጻፈውን ውል ጥሳችኋልና ገንዘብ አለብኝ በሉ» ነው። ወንጀል አይደለም፣ የፖሊስ መዝገብ ላይ አይገባም፣ መንጃ ፈቃዳችሁ ላይ ነጥብ አይያዝበትም። ይህን የምለው ወረቀታቸው ገና ያላለቀላቸው ወገኖቻችን «ጉዳዬን ያበላሽብኛል» ብለው በድንጋጤ የሚከፍሉ ብዙ ስለሆኑ ነው።

እኛ ቤት የመጣው አክስቴን ለዓይን ምርመራ በወሰድኳት ቀን ሰበብ ነው። ይበቃል የተባለው ሰዓት ተከፍሏል። ግን ጠብታው ተደርጎላት ከተቀመጠች በኋላ ሐኪሙ ለድንገተኛ ታካሚ ተጠራ፣ ነርሷ ወጥታ ይቅርታ ጠየቀች፣ ሁሉም ሰው ቁጭ ብሎ ጠበቀ። ዓይኗ በጠብታው ደብዝዞ የፊቷን ሰው እንኳ አትለይም። ጥያት ልሂድ? የክፍያ ማሽኑ ያለው ደግሞ ግቢው ጥግ፣ ከሕንጻው ውጪ ነው። ደብዳቤው ሲመጣ አክስቴ ያለችው «የኔ ልጅ፣ ከመንግሥት ጋር አትጣላ፣ ክፈልና ይለፍልህ፣ ከጡረታዬ እሰጥሃለሁ» ነው። አንዲት አሮጊት ለታከመችበት ሰዓት ከጡረታዋ መቶ ፓውንድ ልታወጣ! እኔን ያበሸቀኝ ይህ ነው።

አልከፈልንም፣ ተሰረዘልንም። እንዴት እንደሆነ ልንገራችሁ።

አብዛኛው ሰው የማያውቀው ነገር አለ። ለኤንኤችኤስ ሆስፒታሎች መንግሥት ያወጣው የፓርኪንግ መመሪያ አለ። በዚያ ላይ፣ ሰው ከአቅሙ በላይ በሆነ ምክንያት፣ ለምሳሌ ሕክምናው ከታሰበው በላይ ስለቆየ ወይም ሠራተኛ ከፈረቃው ሰዓት በላይ እንዲሠራ ስለተገደደ ሰዓት ካለፈበት ተጨማሪው ክፍያ መነሳት እንዳለበት በግልጽ ተቀምጧል። ሆስፒታሉ ከፓርኪንግ ኩባንያ ጋር የሚዋዋለውም ኩባንያው ብዙ በቀጣ ቁጥር ብዙ እንዲያገኝ በሚገፋፋ መንገድ መሆን የለበትም ይላል። ስለዚህ ዋናው በር ኩባንያው ሳይሆን ሆስፒታሉ ነው። መሬቱ የሆስፒታሉ ነው፣ ኩባንያው ተቀጥሮ ነው የሚሠራው። ሆስፒታሉ «ይህን ሰርዙት» ካለ ይሰርዙታል።

እያንዳንዱ ሆስፒታል ፓልስ የሚባል የታካሚዎች ቅሬታ ክፍል አለው። ኢሜይል ጻፉላቸው። የቀጠሮውን ደብዳቤ፣ የክፍያውን ደረሰኝ፣ የኩባንያውን ደብዳቤ ፎቶ አያይዙ። ከክሊኒኩ ደግሞ «ታካሚዋ እስከዚህ ሰዓት እዚህ ነበረች» የሚል አጭር ማስታወሻ ለምኑ። ይህቺ ወረቀት ከሁሉም በላይ ትሠራለች፣ እኛን ያወጣችን እሷ ናት። አቤቱታውን በታካሚው ስም ማቅረብም ይቻላል፣ እኛ ያደረግነው እንደዚያ ነው። ጨዋ፣ አጭር፣ ቀጥተኛ አድርጉት። እንግሊዝኛ ካስቸገራችሁ አስተርጓሚ ጠይቁ፣ ወይም ሲቲዝንስ አድቫይስ ሂዱ፣ በነጻ ነው የሚረዷችሁ።

ፓልስ እስኪመልስ ግን ቁጭ አትበሉ። ለኩባንያው ይግባኝ ማስገቢያው 28 ቀን ነው፣ ፓልስ ዘገየ ብሎ ቀኑ አይቆምላችሁም። በመጀመሪያዎቹ 14 ቀናት ውስጥ ብታስገቡ ይሻላል፤ ኩባንያዎቹ በሚመሩበት ደንብ መሠረት ያኔ አስገብታችሁ ውድቅ ቢያደርጉባችሁ እንኳ የ60 ፓውንዱን ዋጋ ለተጨማሪ 14 ቀን መልሰው ሊሰጧችሁ ይገባል። ማለትም በመጠየቃችሁ የምታጡት የለም። ሰው ሁሉ «ከተከራከርኩ መቶ ይሆንብኛል» እያለ የሚቸኩለው በከንቱ ነው።

ስትጽፉ አንድ ነገር ተጠንቀቁ። በ2012 የወጣው ሕግ ኩባንያው ሹፌሩን ካላወቀ በሊብሬው ላይ ስሙ ያለውን ሰው እንዲጠይቅ ይፈቅድለታል፣ ግን በቅድመ ሁኔታ ነው። በካሜራ ብቻ የተያዘ ከሆነና መኪናው ላይ ወረቀት ካልተለጠፈ፣ ደብዳቤው መኪናው ከቆመበት ቀን ማግስት ጀምሮ በ14 ቀን ውስጥ እጃችሁ መግባት አለበት። ዘግይቶ ከመጣ የሊብሬውን ባለቤት መጠየቅ አይችሉም፣ ሹፌሩን ብቻ ነው። ሹፌሩ ማን እንደሆነ ለግል ኩባንያ የመናገር ግዴታ ደግሞ የለባችሁም። ብዙ ሰው ግን ሳያውቀው «እኔ አቁሜ ገባሁ፣ እኔ ዘገየሁ» ብሎ ይጽፍና ያንን መከላከያ በገዛ እጁ ይጥለዋል። «የመኪናው ባለቤት ነኝ፣ ሹፌሩ እንዲህ ሆኖበት ነበር» ብላችሁ ጻፉ። ውሸት ጻፉ አላልኩም፣ ያልተጠየቃችሁትን አትስጡ ነው ያልኩት። ፖሊስ ለፍጥነት ሲጽፍላችሁ ግን ሹፌሩን መናገር ግዴታ ነው፣ እዚያ ላይ እንዳትሳሳቱ። ይህ የ2012 ሕግ የሚሠራው እንግሊዝና ዌልስ ውስጥ መሆኑንም ልብ በሉ፣ ለስኮትላንድ አይሆንም።

ፎቶ አንሱ። እኔ ሌላ ቀን ተመልሼ ቦርዱን አየሁት፦ ከሰው ቁመት በላይ ተሰቅሏል፣ መቶ ፓውንዱ ከታች በደቃቅ ፊደል ተጽፏል፣ ግማሹን የዛፍ ቅርንጫፍ ሸፍኖታል። ይህ ዝም ብሎ ምሬት አይደለም። በ2015 የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ቼልምስፎርድ ውስጥ የገበያ ማዕከል ላይ ሁለት ሰዓት በነጻ ከተፈቀደው በላይ 56 ደቂቃ የቆየውን ባሪ ቢቪስ የተባለ ሰው 85 ፓውንድ ክፈል ሲለው፣ አንዱ ምክንያት ቦርዶቹ ትልልቅና ለማንም የሚታዩ መሆናቸው ነበር። የእናንተ ቦርድ የማይታይ ከነበረ ነገሩ ይለያል።

ሰዓቱንም አስሉት። ካሜራው የሚቆጥረው ከበር እስከ በር ነው፣ ቦታ ፍለጋ ስትዞሩና መውጫው ላይ ስትሰለፉ ያጠፋችሁትንም ጭምር። የከፈላችሁበት ሰዓት ካለቀ በኋላ ቢያንስ 10 ደቂቃ መውጫ ሊሰጧችሁ ይገባል። ማሽኑ ላይ ታርጋ ስትጽፉ አንድ ፊደል ስታችሁ፣ ለምሳሌ በዜሮ ፋንታ ኦ ነክታችሁ ከሆነ ደግሞ፣ ከፍላችሁ ስለነበር ደረሰኙን አሳይታችሁ አሰርዙት። ደንባቸው ራሱ እንዲህ ያለ ትንሽ ስህተት ይሰረዝ ይላል።

ኩባንያው እንቢ ካለስ? ኩባንያው ቢፒኤ የሚባለው የፓርኪንግ ኩባንያዎች ማኅበር አባል ከሆነ ፖፕላ ወደሚባለው ገለልተኛ አካል ትሄዳላችሁ። በነጻ ነው፣ 28 ቀን አላችሁ፣ ውሳኔው ኩባንያውን ያስገድደዋል፣ እናንተን ግን አያስገድድም። እዚያ ከተሸነፋችሁ የ60 ፓውንዱ ዋጋ ይቀራል፣ ይህን አውቃችሁ ግቡ። ኩባንያው አይፒሲ የሚባለው የሌላኛው ማኅበር አባል ከሆነ ደግሞ ይግባኙ የሚታየው አይኤኤስ በሚባል ሌላ አካል ነው። እኔ በግሌ አይኤኤስን ብዙ አላምነውም፣ ሹፌር የሚያሸንፍበት ጊዜ ጥቂት ነው ሲባል ነው የምሰማው፣ እዚያ የገባችሁ ካላችሁ ልምዳችሁን ጻፉልን።

አሁን ሁለተኛው ጥፋት። ከመክፈል እኩል የሚጎዳን «የግል ነው፣ ቀዳችሁ ጣሉት» የሚለው ምክር ነው። ቆየት ያሉ ሰዎች ናቸው ይህን የሚመክሩት፣ ከክፋት አይደለም፣ በፊት በአብዛኛው ይሠራ ነበር። ከ2012ቱ ሕግና ከ2015ቱ ፍርድ በኋላ ግን ኩባንያዎቹ በገፍ መክሰስ ጀምረዋል። ዝም ስትሉ መጀመሪያ የሚመጣው የዕዳ ሰብሳቢ ደብዳቤ ነው። 70 ፓውንድ ጨምሮ 170 ይልና በቀይ ቀለም ያስፈራራችኋል። እነዚህን አትፍሯቸው። ዕዳ ሰብሳቢ ቤይሊፍ አይደለም፣ ቤታችሁ ገብቶ ዕቃ መውሰድ አይችልም፤ ቤይሊፍ የሚመጣው ፍርድ ቤት ፈርዶባችሁ ካልከፈላችሁ ብቻ ነው።

ከክስ በፊት የሚላክ ማስጠንቀቂያ ሲመጣ ግን ተነሱ። መልስ ለመስጠት 30 ቀን አላችሁ። የፍርድ ቤት መጥሪያ ከመጣ ደግሞ በ14 ቀን ውስጥ መልስ የግድ ነው። «ክሱ ደርሶኛል» ብላችሁ ካስመዘገባችሁ መከላከያ ማቅረቢያው ወደ 28 ቀን ይረዝማል። ጉዳዩ የሚታየው በትንንሽ የገንዘብ ክርክር መስመር ነው፣ ጠበቃ አያስፈልግም፣ ብትሸነፉም በአብዛኛው የእነሱን የጠበቃ ወጪ አትሸከሙም።

ነጻ የማቆም መብት ያላችሁም ሳታውቁት አትክፈሉ። እንግሊዝ ውስጥ ባለ ብሉ ባጅ (የአካል ጉዳተኞች የፓርኪንግ ፈቃድ ያለው)፣ በወር ቢያንስ ሦስት ጊዜ ለሦስት ወርና ከዚያ በላይ የሚመላለስ ተመላላሽ ታካሚ፣ የታመመ ልጃቸው ጋር ሆስፒታል የሚያድሩ ወላጆች፣ የሌሊት ፈረቃ የሚሠሩ የሆስፒታል ሠራተኞች በነጻ እንዲያቆሙ ተፈቅዷል። ብዙ ቦታ ግን አስቀድሞ መመዝገብ ያስፈልጋል፣ ማንም መጥቶ አይነግራችሁም፣ ሪሴፕሽን ላይ ራሳችሁ ጠይቁ። ለኩላሊት እጥበት ወይም ለኬሞ የምትመላለሱ፣ እባካችሁ ዛሬውኑ ጠይቁ። ዝቅተኛ ገቢ ኖሯችሁ ድጎማ የምትቀበሉ ደግሞ በኤንኤችኤስ የጉዞ ወጪ መርሃ ግብር በኩል የፓርኪንጉን ክፍያ ማስመለስ ትችሉ ይሆናል፣ ደረሰኙን አትጣሉት።

የመጨረሻው ለኛ ሰው በጣም የሚያስፈልግ ነው፣ ቤት ቶሎ ቶሎ ስለምንቀይር። ሊብሬው ላይ ያለው አድራሻ የድሮው ከሆነ ደብዳቤው ሁሉ፣ የፍርድ ቤቱም ጭምር፣ እዚያው ይሄዳል። እናንተ ሳትሰሙ ፍርድ ቤቱ በሌላችሁበት ይፈርድባችኋል። በአንድ ወር ውስጥ ካልተከፈለ ፍርዱ የክሬዲት መዝገባችሁ ላይ 6 ዓመት ይቀመጣል። ሞርጌጅ ስትጠይቁ ወይም ቤት ስትከራዩ ነው የምታውቁት። የዜግነት ማመልከቻውም ላይ እንዲህ ያለ ፍርድ እንዳለባችሁ ይጠየቃል። አድራሻ መቀየር ዲቪኤልኤ ላይ በነጻ ነው፣ በኢንተርኔት ያልቃል፣ መንጃ ፈቃዱና ሊብሬው ለየብቻ ስለሆኑ ሁለቱንም ቀይሩ። ሳታውቁ የተፈረደባችሁ ካላችሁ ደግሞ እንዳወቃችሁ ሳትዘገዩ ፍርዱ እንዲነሳ ማመልከት ይቻላል፣ ኤን244 የሚባለውን ቅጽ ጠይቁ።