ሥጋን መግራት ወይስ ማዳመጥ?

ጣና ዳር ስቀመጥ ይህ ጥያቄ ይመጣብኛል። እኛም እንደ ጉማሬው ይርበናል፣ ይደክመናል፣ እንፈራለን። ይህን እንስሳዊ ባሕርይ መግራት ይሻላል ወይስ ማዳመጥ? የደሴቶቹ መነኮሳት መግራቱን መርጠዋል። ከተማ ውስጥ ያለነውስ?

ወጪ፦ ሁለቱም ብር አይጠይቁም። መግራት ልምምድ፣ ማዳመጥ ጊዜ ይፈልጋል።

ቅለት፦ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ረሃብ ዝም ብሎ የሚጨምር ይመስለናል፤ ግን አይደለም። ረሃብን የሚቀሰቅሰው ግሬሊን የተባለ ሆርሞን በለመድነው የምግብ ሰዓት ከፍ ይላል፣ ከዚያ ይወርዳል። በ55ቱ የዐቢይ ጾም ቀናት እስከ 9 ሰዓት የሚቆይ ሰው መጀመሪያ ከብዶት ኋላ የሚቀለው አንዱ ምክንያት ይህ ይመስለኛል። ሰውነት ይለምዳል! ማዳመጥ ግን ቀላል ይምሰል እንጂ ከባድ ነው። አምሮትን ከረሃብ መለየት ያስቸግራል።

አደጋ፦ መግራት ሲበዛ ገላን ጠላት ያደርጋል። ኢንሱሊን የሚወስድ ሰው ምግብ ቢዘል ስኳሩ ክፉኛ ሊወርድ ይችላል። ማዳመጥ ሲበዛ ደግሞ ቁጣንም «ተፈጥሮዬ ነው» ያሰኛል። ይሄ በጣም ያሳዝነኛል።

ለማን? ቁጣው ለሚቀድመው፣ መግራት። ለነፍሰ ጡር፣ ለታማሚ፣ እንቅልፉን ሰውቶ ባጃጅ ለሚነዳው ወንድማችን፣ ማዳመጥ። ጤነኛው ጿሚስ? ይጹም፤ ሲደክመው ግን ሐይቁ ዳር ጥላ ስር አረፍ ይበል።