ቴነር ትሮምቦን ልትገዙ ነው? ትንሹ ቦር ወይስ ትልቁ

ሰሞኑን ትሮምቦን ልገዛ ነው የቱን ልያዝ የሚለኝ ሰው በዝቷልና ጎን ለጎን አድርጌ ልጻፍላችሁ። መልሱን ከፊት ልንገራችሁ፣ ዋና ስራችሁ ጃዝና ባንድ ውስጥ ከትራምፔትና ከሳክስ ጋር መንፋት ከሆነ ትንሽ ቦር ያለው፣ ቫልቭ የሌለው ቀጥ ያለ ቴነር ውሰዱ፣ ትልቁን ለኦርኬስትራ ተዉት።

ቦር ስንል የስላይዱ (እየተሳበ የሚወጣና የሚገባው ክፍል) ቱቦ የውስጥ ስፋት ነው። ከሞዴሎቹ ያማሃ 354 ቦሩ 12.7 ሚሊሜትር ነው፣ ኪንግ 3ቢ 12.9፣ ባክ 36 13.3 ገደማ፣ ባክ 42 እና ኮን 88ኤች ደግሞ 13.9 ገደማ። አንድ ሚሊሜትር ምን ታመጣለች ትሉ ይሆናል፣ ከንፈር ላይ ሲያርፍ ግን ሌላ መሳሪያ ነው የሚሆነው። ትንሹ ቶሎ ይመልሳል፣ ድምፁ ጠርዝ አለው፣ ገፋ ስታደርጉት ያበራል። የእኛ የብራስ መስመሮች ደግሞ አብዛኞቹ አጫጭርና ቆረጥ ቆረጥ ያሉ ናቸው፣ ችክችካው ሲፈጥን ትራምፔቱ ቀድሞ ደርሶ እናንተ ከኋላ የምትጎተቱበት መሳሪያ ይዞ መቆም ያበሳጫል። ትንፋሹንም አስቡት፣ አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፣ ትልቅ ቦር ደግሞ አየር ይበላል፣ ሌሊቱን ሙሉ ሶስት ዙር ለሚነፋ ሰው ይሄ ቀላል ነገር አይደለም።

ያማሃ 354ን የተማሪ መሳሪያ ነው ብለው የሚንቁት አሉ። ለተማሪ መሰራቱ እውነት ነው፣ ግን ኢንቶኔሽኑ (የኖታው ቅኝት) የሚታመን ነው፣ ስላይዱ ጥሩ ነው፣ ያገለገለውም ከሌሎቹ ይልቅ በቀላሉ ይገኛል። ጉድለቱ በጣም ጮክ ብላችሁ ስትነፉ ድምፁ ይሳሳል። ኪንግ 3ቢ ላይ ያ ችግር የለም፣ ቀስ ሲሉት ሞቅ ያለ፣ ሲገፉት የሚቆርጥ፣ ለትዝታ ባላድም ለፈጣን ነገርም የሚሆን ድምፅ ነው፣ ጃዞች ለብዙ አስርት ዓመታት የያዙት ያለ ምክንያት አይደለም። ዋጋው ግን ከ354 በብዙ ይርቃል። አቅም ካላችሁ ወይ ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ያገለገለ ካገኘላችሁ እኔ አይኔን ሳላሽ 3ቢን ነው የምላችሁ።

ባክ 42 እና ኮን 88ኤች ግሩም መሳሪያዎች ናቸው፣ ሰፊ፣ ክብ ድምፅ። ኤፍ አታችመንት፣ ማለትም በአውራ ጣት በሚጫን ቫልቭ የሚከፈት ተጨማሪ ቱቦ፣ ያላቸው ሲሆኑ (42ው ያለ እሱም ይሰራል) ስድስተኛ ፖዚሽን (የስላይዱ ማቆሚያ ቦታ) ላይ የነበረው ዶ አንደኛ ላይ ይመጣላችኋል፣ ሰባተኛ ላይ የነበረው ሲ (ከዶ በታች ያለው ቢ ናቹራል) ደግሞ ሁለተኛ ላይ፣ ክንዳችሁ ያርፋል። ግን ግራ እጅ ላይ ይከብዳሉ፣ ማይክ ባለበት ጠባብ ክለብ ውስጥ ደግሞ ያ ስፋታቸው ከቤዙና ከኪቦርዱ ጋር ይደባለቅና ይጠፋል። ጠዋት ያሬድ ኦርኬስትራ ማታ ክለብ የምትሉ ካላችሁ ባክ 36 መሀል ላይ አለላችሁ፣ ሁለቱንም ያስኬዳል።

የፕላስቲኩ ፒቦን አንድ ኪሎ እንኳን አይሞላም፣ ለልጅ ጥሩ ነው። ዋና መሳሪያ አድርጋችሁ አትያዙት።

አሁን ከብራንድ በላይ ወደሆነው ነገር ልምጣ፣ ስላይዱ። ፒያሳ ሱቅ ውስጥም ሆነ ቴሌግራም ላይ ያገኛችሁትን ሰው ጋ ስትሄዱ ቤሉ (ሰፊው የድምፅ መውጫ አፍ) እንዴት ያብለጨልጫል ብላችሁ እንዳትሸነገሉ። ስላይዱን ከቤሉ ፈቱት፣ ወደ ታች ቀጥ አድርጋችሁ ያዙና የውጪውን ከስር እጃችሁን ደግፋችሁ ልቀቁት፣ ሳይንቀጫቀጭ ሳይያዝ መውረድ አለበት። ከዛ ከላይ ያሉትን ሁለቱን ቀዳዳዎች በጣት ድፈኑና እንደገና ልቀቁት፣ አየር ካልወጣ በስተቀር አሁን ቀስ ብሎ ነው የሚወርደው፣ ዱብ ካለ ያስወጣል ማለት ነው። የውስጠኞቹን ቱቦዎች ጫፍ ደግሞ በብርሃን እዩ፣ ክሮሙ ተልጦ ከስሩ ያለው ብረት ከታየ ወይ ቱቦው ላይ ትንሽ ስርጉድ ካለ ዋጋው ምንም ቢረክስ ተዉት፣ ቤል ላይ ያለ ስርጉድ ይቃናል፣ የስላይድ ቱቦ አሰላለፍ ማስተካከል ግን የባለሙያ ስራ ነው፣ እዚህ ደግሞ እሱን በደንብ የሚሰራ ሰው ማግኘት ከባድ ነው።

ማውዝፒስ (ከንፈር የሚያርፍበትን) ለብቻው የምትገዙ ከሆነ እግሩን፣ ማለትም መሳሪያው ውስጥ የሚገባውን ጫፍ፣ እዩ። 354፣ 3ቢ እና 36 ቀጭን እግር ነው የሚወስዱት፣ 42 እና 88ኤች ወፍራም፣ ቀጭኑ ወፍራሙ ውስጥ ይወዛወዛል፣ ወፍራሙ ደግሞ ጭራሽ አይገባም። ለ354 አብሮት የሚመጣው 48 ቁጥር ማውዝፒስ ለመጀመር ይበቃል፣ ትንሽ ሰፋ ያለ ድምፅ ስትፈልጉ ባክ 6 ተኩል ኤኤል ሞክሩ። የስላይድ ቅባት እዚህ ሁሌ ስለማይገኝ የሚመጣ ሰው ካለ ሁለት ጠርሙስ አስመጡ፣ የበጋው አቧራ ስላይድ ላይ ክፉ ነው፣ ሳትጠርጉ ቅባት ላይ ቅባት አትደርቡ።