ጭቃ፣ የአፈር ብሎክ ወይስ ዶም? ለመሀል አዲስ አበባ ግቢ የትኛው ይሻላል

ከዋናው ቤት ጀርባ ሠላሳ አርባ ካሬ ባዶ ቦታ አለቻችሁ እንበል። አራት ኪሎ ትሁን፣ ልደታ ወይም ካዛንቺስ ብዙ ለውጥ የለውም። ልጅ አድጎ የራሱን ክፍል ፈልጓል። ወይም ትንሽ ስቱዲዮ፣ ትንሽ ቡና መጠጫ አስባችኋል። ብሎኬትና ሲሚንቶ ሰልችቷችኋል። ስልካችሁ ላይ ደግሞ በሦስት ማዕዘን የተገጣጠመ ክብ ጉልላት እያያችሁ ልባችሁ ከጅሏል።

እዚህ የማወዳድረው ሦስት ነገር ነው። የእንጨትና ጭቃ ቤት፣ በማሽን የተጨመቀ የአፈር ብሎክ፣ እና ብዙዎች በአጭሩ ዶም የሚሉት ጂኦዴሲክ ጉልላት። ዋጋ በብር አልጠቅስም፤ የሲሚንቶና የብረት ዋጋ ጽሑፉ ተነቦ ሳያልቅ ይቀየራል። በምትኩ ስንት ዕቃ፣ ስንት ካሬ፣ ምን ዓይነት ባለሙያ እንደሚፈልጉ እናገራለሁ። ዋጋውን ከዚያ ራሳችሁ ታወጡታላችሁ።

ፍርዴን ላስቀድም። ሰው የሚያድርበት ከሆነ ጭቃ ወይም የአፈር ብሎክ ይሁን። ዶምን ለሚቀመጡበት እንጂ ለሚያድሩበት ቦታ አልመክርም። ዶም ጠልቼ አይደለም፤ ክረምታችንን አይቼ ነው።

ዶም

አሜሪካዊው በክሚንስተር ፉለር የዶምን የፈጠራ መብት ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1954 ነው። ከእሱ በፊት ግን ጀርመናዊው ቫልተር ባወርስፌልድ የና በምትባል ከተማ ለፕላኔታሪየም፣ ማለትም ለከዋክብት ማሳያ አዳራሽ፣ ተመሳሳይ ጉልላት በ1920ዎቹ ሠርቷል። ሐሳቡ ቀላል ነው። አራት ማዕዘን ሲገፉት ይጣመማል፤ ሦስት ማዕዘን አይጣመምም። ኳስን በሦስት ማዕዘን ከከፋፈላችሁት ቀጫጭን ብረት ያለ ምሰሶ ሰፊ ቦታ ይሸፍናል።

ስድስት ሜትር ስፋት ያለውንና ገጣጣሚዎች ቱ-ቪ የሚሉትን ዓይነት እንውሰድ። 65 ዘንግ ይፈልጋል። 30ው እያንዳንዱ 1.64 ሜትር፣ 35ው እያንዳንዱ 1.85 ሜትር ርዝመት አላቸው። መጋጠሚያው 26 ነው፣ ሦስት ማዕዘኑ 40። ጎበዝ ብየዳ ቤት በትክክል ቆርጦ ጫፉን ጠፍጥፎ በብሎን ያስረዋል። እስከዚህ ድረስ ችግር የለም።

ችግሩ ሰው ሲገባበት ይጀምራል። ወለሉ 26 ካሬ ገደማ ነው። ግድግዳው ግን ከመሬት ጀምሮ ወደ ውስጥ ስለሚያዘነብል 1.80 ሜትር የሆነ ሰው ቀጥ ብሎ የሚቆምበት 18 ካሬ ብቻ ነው። ይኸው ዶም ስድስት በስድስት ቦታ ይይዛል። በዚያው 36 ካሬ ላይ 20 ሴንቲ ሜትር ግድግዳ ያለው አራት ማዕዘን ቤት ብትሠሩ 31 ካሬ ታገኛላችሁ፤ እስከ ጥግ ድረስ ትቆሙበታላችሁ፣ ቁም ሳጥኑም ከግድግዳው ጋር ይገጥማል። ገጠር ሰፊ ሜዳ ላይ ይህ ምንም አይደለም። መሀል ከተማ ግን እያንዳንዷ ካሬ ገንዘብ ናት። ዶሙን አንድ ሜትር ገደማ ከፍታ ባለው ግንብ ላይ ማስቀመጥ ይቻላል፤ ያኔ የቆመበት ሰው ራሱን አይመታም፤ ወጪው ግን ይጨምራል።

ቀጥሎ ውሃው። ቆርቆሮ ክዳን የሚሠራው የላይኛው ከታችኛው ላይ ስለሚደረብ ነው። ዶም ላይ መገናኛው በየአቅጣጫው ይሄዳል፤ አናቱ ደግሞ ሜዳ ለመሆን ትንሽ ነው የቀረው። ቀን ፀሐይ ብረቱን ያሰፋዋል፣ ማታ ብርድ ያኮማትረዋል፣ መሀሉ ላይ ያለው ሲሊኮን ቀስ በቀስ ይለቃል። ከሰኔ እስከ መስከረም የሚወርደው ዝናብ ያቺን ቀዳዳ አይስታትም። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ዶም አሠራር በማስተማር የታወቀው አሜሪካዊው ሎይድ ካን ራሱ በኋላ ሐሳቡን የቀየረው ከምክንያቶቹ አንዱ ይኸው ማፍሰስ ነው።

በአንድ ወጥ ሸራ ብንሸፍነውስ? ማፍሰሱ ይቀንሳል። ነገር ግን ቀን ሙቀት፣ ሌሊት ብርድ፣ ጠዋት ደግሞ በሸራው ውስጥ ጠል። ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ብለን ስለምንኖር የፀሐዩ ጨረር ሸራ ቶሎ ይጨርሳል። ስለ ሽፋን ካነሳን፣ ካናዳ፣ ሞንትሪያል ውስጥ እ.ኤ.አ. ለ1967ቱ የዓለም ኤክስፖ የተሠራው የፉለር ዶም 76 ሜትር ስፋት አለው። እ.ኤ.አ. በ1976 ለጥገና ሲበየድ እሳት ተነስቶ የፕላስቲክ ልባሱ ሙሉ በሙሉ ተቃጠለ። ብረቱ ዛሬም ቆሟል። ስለዚህ ሻጩ ስለ ብረቱ ጥንካሬ ሲያወራ እናንተ ስለ ሽፋኑ ጠይቁ፤ ምን እንደሆነ፣ በስንት ዓመት እንደሚቀየር፣ እሳት እንዴት እንደሚችል።

ታዲያ ለማን ይሆናል? ለተከራይ። የኮሪደር ልማቱ ፒያሳንና አራት ኪሎን እንዴት እንደቀየራቸው አይታችኋል። ቦታው ለሁለት ዓመት ብቻ የእናንተ ከሆነ ብሎኑን ፈታታችሁ በአይሱዙ ጭናችሁ መሄድ ትልቅ ነገር ነው። ጭቃ አይጫንም። ለጓሮ ቡና መጠጫ፣ ለችግኝ ቤት፣ ለልጆች መጫወቻ ዶም እሰየው ነው።

ጭቃ

ጭቃ ቤት ሲባል ብዙ ሰው ዓይኑ ላይ የሚመጣው ግድግዳው የተላጠ፣ ቋሚው የበሰበሰ የቀበሌ ቤት ነው። ግን እነዚያ ቤቶች ያለ ጥገና ስንት ዘመን እንደቆሙ አስቡት። የፒያሳ የድሮ ባለ ሰገነት ቤቶችም ብዙዎቹ ከታች ድንጋይ፣ ከላይ እንጨትና ጭቃ ነበሩ። ጭቃን የሚገድለው ዕድሜ ሳይሆን ውሃ ነው፤ ከታች የሚመጠጥና ከጎን የሚረጭ ውሃ።

ስለዚህ ሁለት ነገር ላይ አትደራደሩ። የድንጋይ መሠረቱ ከመሬት ቢያንስ 50 ሴንቲ ሜትር ይውጣ። ክዳኑ ከግድግዳው 70 ወይም 80 ሴንቲ ሜትር አልፎ ይውጣ፣ አሸንዳም ይኑረው። ቋሚዎቹ ከምኒልክ ዘመን ጀምሮ ከተማዋን የሠራው ባሕር ዛፍ ነው። እግሩን የተቃጠለ የመኪና ዘይት ቀብቶ መቅበር የተለመደ ነው፤ ምስጥና እርጥበት ግን በመጨረሻ ያገኙታል። እኔ ብሆን አልቀብረውም። ኮንክሪት ላይ በተተከለ የብረት ጫማ አቆመዋለሁ። አንዱ ሲበላሽ ለብቻው ይቀየራል።

ጭቃው ላይ ሰዓት ወስዳችሁ ቁሙ። አፈሩ ከጤፍ ጭድ ጋር በእግር ተረግጦ ይቦካል፣ ከዚያ ለቀናት ይተዋል፣ እንደገና ይረገጣል። ሲቆይ ይሸታል። መሽተቱ ጥሩ ምልክት ነው፤ ጭዱ ላልቶ ከአፈሩ ጋር መዋሃድ ጀምሯል። ዛሬ አቡክቶ ነገ ልምረግ የሚል ሠራተኛ ከመጣ በትሕትና አሰናብቱት። ጨብጣችሁ ስትበጥሱት ጭዱ ክር ክር እያለ ካልታየ ጭድ አንሶታል። የመጀመሪያው ምርጊት ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ አትደንግጡ፣ ስንጥቁ ለሚቀጥለው ምርጊት መያዣ ነው።

ዘመናዊ እናድርገው ብሎ በጭቃው ላይ ሲሚንቶ መለሰን ግን በዚህች ከተማ በብዛት የማየው ጥፋት ነው። ሲሚንቶ ግትር ነው፣ ጭቃ ደግሞ እርጥበት ሲያገኝ ይነፋል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል። መሀላቸው ይላቀቃል። ዝናብ በስንጥቁ ይገባል፣ መውጫ ያጣል፣ በሁለተኛው በሦስተኛው ክረምት ልስኑ ሰፌድ ሰፌድ እያከለ ይወርዳል። ኖራ ቀቡት። ኖራ እርጥበቱን ያስወጣል። በየዓመቱ መስከረም ላይ መቀባት ሊያስፈልግ ይችላል፤ ይህን ሥራ የማትፈልጉ ከሆነ ጭቃ አይሆናችሁም።

ጥቅሙን በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ታዩታላችሁ። ውጭው ከ10 ዲግሪ በታች ሲወርድ ወፍራም የጭቃ ግድግዳ ቀን የጠጣውን ሙቀት ቀስ እያለ ይለቃል። ባዶ ቆርቆሮ ጣሪያ ግን ይህን ሁሉ ያባክነዋልና ኮርኒስ አትርሱ። ሌላም አለ። ጭቃ የሚጠግን ሰው በየሰፈሩ አለ። ዶም ያፈሰሰበትን ሰው ግን ማን ጋ ሂድ ትሉታላችሁ?

የአፈር ብሎክ

አፈር ከ5 እስከ 10 ከመቶ ሲሚንቶ ተቀላቅሎ በማሽን ይጨመቃል። እንደ ሸክላ ጡብ በእሳት አይተኮስም። ሲሚንቶ ማምረት ከዓለም የካርቦን ልቀት 7 ወይም 8 ከመቶ ያህል ስለሚይዝ ሲሚንቶ መቀነሱ ዋጋ አለው። ግን የምትገዙት ብሎክ ከአፈሩ አይበልጥም። እንደ ቦሌና አቃቂ ያለው ዋልካ አፈር ያብጣል፣ ይሰነጠቃል፤ አይሆንም። አሸዋ በዛ ያለበት ቀይ አፈር ይሻላል። መሀል ከተማ ፎቅ ሊሠራ ሲቆፈር ከሥር የሚወጣ ጥሩ አፈር በገልባጭ ተጭኖ ሲጣል አያለሁ፤ ያናድዳል። ላይ ላዩ ያለው ቆሻሻ የተቀላቀለበት ሙሌት ግን እንዳያታልላችሁ።

መፈተኛው ቀላል ነው። ባዶ ሃይላንድ ውሰዱ፣ ሲሶውን አፈር ሙሉ፣ ውሃ ጨምሩ፣ በደንብ ናጡ፣ አስቀምጡ። አሸዋው በደቂቃ ውስጥ ከታች ይረጋል፣ ሸክላው ከላይ ለመርጋት እስከ ማግስት ይቆያል። የሸክላው ንብርብር ከአሸዋው ከወፈረ ተዉት።

ሻጩ ጋ ስትሄዱ ብሎኩን ባልዲ ውሃ ውስጥ ከትታችሁ አሳድሩት። ጠዋት ጠርዙ በጣት ከተፈረፈረ ሲሚንቶ አንሶታል ወይም ውሃ ሳይጠጣ ደርቋል። ከተመረተ በኋላ ቢያንስ ሳምንት እየተረጠበ፣ ሙሉ ጥንካሬውን ለመያዝ 28 ቀን መቆየት አለበት። ትናንት የተመታ ብሎክ ዛሬ አትጫኑ።

የሚጠራጠር ግንበኛ ካላችሁ የልደታውን የሕንፃ ኮሌጅ ሙከራ ንገሩት። እዚያ በ2003 ዓ.ም. ገደማ ከስዊዘርላንዱ ኢቲኤች ዙሪክ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር በአካባቢው አፈር ለሙከራ የተሠራ ባለ አንድ ፎቅ ቤት ነበር፤ የመሀሉ ወለል ሳይቀር ብረት በሌለው ቅስት የተሠራ።

በ2017 ዓ.ም. ከፈንታሌና ከአዋሽ በኩል የመጣው ንዝረት አዲስ አበባ ድረስ ሲሰማን ሁላችንም ግድግዳችንን አይተናል። የአፈር ብሎክ ከባድ ነው። ስለዚህ ከመስኮትና ከበር በላይ ዙሪያውን የሚያስር ቢም ግዴታ ነው። ዶም በዚህ በኩል ከሁሉም ይበልጣል፤ ቀላልም ጠንካራም ነው። በእንጨት የታሰረ ጭቃም ይወዛወዛል እንጂ በአንዴ አይፈርስም።

ቀርከሃስ? ደገኛው ባዶ ግንድ ነው፣ ቆለኛው ድፍን። ለግድግዳ ሽመና፣ ለኮርኒስና ለጥላ ግሩም ነው። የሦስት ዓመት ዕድሜ ያልሞላውንና ነፍሳት በሚከላከል ቦራክስ በሚባል ጨው ያልታከመውን ግን ነቀዝ ይበላዋል። የቀርከሃ ዶም ሲሸጥላችሁ ብሎን የገባበትን ጫፍ እዩ፤ መሰንጠቅ የሚጀምረው እዚያ ነው።

ከሁሉም በፊት ወረዳ ሄዳችሁ የፕላን ስምምነት ጠይቁ። ዋና መንገድ ዳር ከሆናችሁ በእነዚህ ቁሳቁሶች መሥራት ላይፈቀድላችሁ ይችላል፤ ከመቆፈራችሁ በፊት ብታውቁት ይሻላል። ጭቃና የአፈር ብሎክ ከመስቀል በኋላ ተጀምረው እስከ ግንቦት ክዳን ይልበሱ። ዶም በማንኛውም ወር ይቆማል። ከሻጩ ጋር ስትዋዋሉ ግን የመጨረሻውን ክፍያ የቆመ ዕለት አትስጡ፤ አንድ ክረምት ካለፈ በኋላ እንደሚከፈል ጽፋችሁ አስፈርሙት። እሺ ካላለ ያፈሳል ማለት ነው።