«አታግዟቸው» ያለውን ባለሙያ ልጠቁማችሁ

ደሴና ኮምቦልቻ ያላችሁ ወገኖች፣ በቤታችሁ ስትሮክ መትቶት የተረፈ ሰው ካለ ይህን ጽሑፍ አንብቡልኝ። ምስጋናው ለአንድ ወጣት የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ነው፤ ጥቆማው ደግሞ ለእናንተ። ስሙን አልጽፍም። «ጋሼ፣ የፈለገኝ ሰው በእርስዎ በኩል ያግኘኝ እንጂ ስሜ አደባባይ አይውጣ» ብሎ አደራ ስላለኝ አደራውን እጠብቃለሁ።

እኔ ደሴ፣ አራዳ ሰፈር ጨርቃ ጨርቅ የምሸጥ ነጋዴ ነኝ። ከደም ግፊት ጋር ብዙ ዓመት ኖሬያለሁ። ስትሮኩ የመጣው በአንጎሌ ቀኝ ክፍል ያለ የደም ሥር ተዘግቶ ስለሆነ የዛለው ግራ ጎኔ ነው። ፊቴ ሲጣመምና ክንዴ ሲወድቅ ልጆቼ «ምች ነው» ሳይሉ ወዲያው ሆስፒታል አደረሱኝ፤ ሐኪሞቹም ሕይወቴን አተረፉልኝ፣ አላህ ይስጣቸው። የዛሬው ጉዳዬ ግን ሰው ከሆስፒታል ወጥቶ ቤቱ ከገባ በኋላ ስለሚመጣው ረጅም ጊዜ ነው።

የወሎን ሰው ታውቁታላችሁ፤ ታማሚን አይተውም። ጎረቤቱ ብርቱካኑንና ዱዓውን ይዞ ይመጣል። አንዱ ትራስ ያመቻቻል፣ ሌላው ውሃ ያቀብላል። ልጆቼ ካልሲ ያጠልቁልኛል፣ ባለቤቴ ታጎርሰኛለች። ሁሉም በአንድ አፍ «አብሽር፣ አትድከም፣ ተኛ» ይለኛል። ከልባቸው ነው፤ ውለታቸውንም አልረሳም። ነገር ግን በተኛሁ ቁጥር ጭኔ እየሳሳ፣ ትንፋሼ እያጠረ ሄደ። ስትሮኩ ያልነካው ቀኝ ጎኔ ሳይቀር መዛል ጀመረ።

ይህ ባለሙያ ልጅ የመጣ ዕለት አንድም ቦታ አላሸኝም። መጀመሪያ የደም ግፊቴን ለካ፣ ከሆስፒታል የተሰጠኝን ወረቀት ከላይ እስከ ታች አነበበ፤ ከዚያ «ከመታመምዎ በፊት ከጠዋት እስከ ማታ ምን ይሠሩ ነበር? ወደ ምንስ መመለስ ይፈልጋሉ?» ብሎ ጠየቀኝ። ሱቄን፣ ሶላቴን፣ እሑድ እሑድ ከጓደኞቼ ጋር ጦሳ ተራራ መውጣቱን አልኩት። ሦስቱንም ደብተሩ ላይ ጻፈ። ወደ ቤተሰቡ ዞረና «ከዛሬ ጀምሮ አታግዟቸው። እንዳይወድቁ አጠገባቸው ቁሙ፤ የሚችሉትን ነገር ግን አትሥሩላቸው» አለ። ከኮምቦልቻ ልታስታምመኝ የመጣችው ታላቅ እህቴ በጣም ተቆጣች፤ «ይህን ጨካኝ ከየት አመጣችሁት?» እስከ ማለት ደረሰች። ዛሬ እሱ ሲመጣ ለቡናው ቀድማ ዕጣን የምታጨሰው እሷ ናት።

ሥራው ከወንበር መነሳት ነበር። ቀላል ይመስላል። ከዚያ በፊት ከወንበር የምነሳው ሰው ግራ እጄን ይዞ እየጎተተኝ ነበር። እሱ ይህን ሲያይ ፊቱ ተለዋወጠ፦ በስትሮክ የዛለ ትከሻ የሚይዘው ጡንቻ ስለላላ ሲጎተት ከቦታው ሊንሸራተት ይችላል፤ የብዙ ታማሚ የትከሻ ሕመምም በዚህ ይባባሳል። «ክንዱን ማንም አይጎትት፣ ወጌሻም ቢሆን» አለ። ከዚያ መነሳትን አስተማረኝ። ወንበሩ ጫፍ ላይ መቀመጥ፣ ሁለቱንም እግሮች መሬት ማስረገጥ፣ የዛለውን እግር ትንሽ ወደ ኋላ መሳብ፤ ቀጥሎ «አፍንጫዎ የእግርዎን ጣት እስኪያልፍ ጎንበስ ይበሉ፣ ከዚያ ይነሱ።» የዛለው እግር ወደ ኋላ የሚሳበው ያለ እሱ መነሳት እንዳይቻል ነው፤ ሥራ ፈቶ እንዲቀመጥ አይፈቀድለትም። ስነሳ ልጆቼ እጃቸውን ዘርግተው ያዩኛል፣ እሱም እነሱን በዓይኑ ይገታቸዋል።

ሌላ ጉድም ነበረብኝ። ግራ ጎኔን መዛሉ አንሶ እረሳውም ነበር። የበሩ መቃን ግራ ትከሻዬን ይመታኛል፤ ገበታ ላይ በግራ በኩል ያለው ወጥ ሳይነካ ይቀራል። ቤተሰቡ የምግብ ፍላጎቴ የጠፋ መስሎት ይጨነቅ ነበር። እሱ ግን አንጎል አንዱን ጎን ልብ ማለት ሲያቅተው እንዲህ እንደሚሆን አስረዳን፤ ጠያቂ ሁሉ በግራዬ እንዲቀመጥ፣ የቡና ስኒውም በግራዬ እንዲቀርብ አዘዘ። አቦሉን ለማግኘት አንገቴን ማዞር ግዴታዬ ሆነ።

ለእጄ የመረጠው መሣሪያ ከሱቄ የመጣ አንድ ጣቃ አቡጀዲ ነው። ጠረጴዛ ላይ በግራ እጄ እዘረጋዋለሁ፣ መልሼ እጠቀልለዋለሁ፤ ጣቶቼ ሲሰንፉ ቀኝ እጄ ከሥር ይደግፋል እንጂ ሥራውን አይነጥቅም። ለምን ጨርቅ እንደሆነ ስጠይቀው፣ የሞተው የአንጎል ክፍል ባይመለስም የተረፈው ክፍል በድግግሞሽ ሥራውን ሊማር እንደሚችል፣ የሚማረውም የሰውየውን የራሱን ሥራ ደጋግሞ በመሥራት እንደሆነ ነገረኝ። ለሶላቴም ያደረገው ይኸንኑ ነው። እሱ ማተቡን ያሰረ ክርስቲያን ነው። «አንድ ረከዓ ሙሉውን ያሳዩኝ» ብሎ ልጄን አሰገደውና መቆሙን፣ ማጎንበሱን፣ ሱጁዱን፣ ከመሬት መነሳቱን በጥሞና አየ። በወንበር ላይ ከመስገድ ጀምሮ መስገጃውን ሶፋ አጠገብ እስከ ማንጠፍ አደረሰኝ፤ ቀኝ እጄን ሶፋው ላይ አድርጌ፣ ጤነኛውን እግሬን አስቀድሜ መነሳትን ለመድኩ። አሁን ሱጁድ መሬት ላይ ነኝ፣ አልሐምዱሊላህ።

እግር ሲጸና መንገድ ተጀመረ። ደሴን የምታውቁ ታውቃላችሁ፤ ከበር ስትወጡ ወይ ዳገት ነው ወይ ቁልቁለት፣ ክረምት ሲሆን ደግሞ ኮብልስቶኑ ያንሸራትታል። ከፍታዋም 2,500 ሜትር ገደማ ስለሆነ ትንፋሽ ቶሎ ያጥራል። ስለዚህ ረዘም ያለ ጉዞ የለመድኩት ኮምቦልቻ፣ እህቴ ቤት ሰንብቼ ነው። በዶሮ መዝለያ ቁልቁል ሲወረድ ከ600 ሜትር በላይ ዝቅ ይባላል፤ አየሩም ሞቅ ይላል፣ ሜዳም ይገኛል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው የሚመክረው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ነው። ልጁ ይህን ቆራርሶ ሰጠኝ፦ በቀን ሦስት ጊዜ አሥር አሥር ደቂቃ፣ በሳምንት አምስት ቀን። ፍጥነቴን የምለካበትን ዘዴ ሲነግረኝ ሳቅሁ። «መንዙማ ማዜም ከቻሉ እርምጃዎን ይጨምሩ፤ አንድ ዓረፍተ ነገር መጨረስ ካቃትዎት ይቀንሱ፤ እያወሩ ማዜም ሲያቅትዎት ልክ ነው።» ከወሎ ሌላ የት ይህ መለኪያ ይገኛል?

ደሴ ስመለስ ደረጃና ዳገት ተከተለ። ከዘራ በጤነኛው እጅ ይያዛል፤ ሲወጣ ጤነኛው እግር፣ ሲወረድ የዛለው እግር ይቀድማል። ከጉዞ በፊት የደም ግፊት ይለካል፤ ከ180 በ110 ካለፈ የዚያን ቀን ጉዞ የለም፣ ወደ ሐኪም ይደወላል። ከሰዓት በኋላ የሚጥለኝን ድካምም አልናቀውም። ከስትሮክ በኋላ እንዲህ ያለ ድካም የተለመደ ስለሆነ ዕረፍቱን እንደ አንድ ሥራ መርሐ ግብሩ ውስጥ አስገባው።

ልክ አለማወቅ የሚባለው ነገር የለበትም። መድኃኒት ልቀንስ ስለው፣ የረመዷንን ጾም ነገር ሳማክረው፣ ሁለቱንም ጊዜ «ይህ የሐኪምዎ ጉዳይ ነው» ብሎ ወደ ሐኪሜ መለሰኝ። እኔ በዚህ ነው ሙሉ በሙሉ ያመንኩት። ዋጋው ተመጣጣኝ ነው፤ እየተሻለኝ ሲሄድ ደግሞ መምጣቱን ራሱ ቀነሰ፣ መጨረሻ ላይም «ከእንግዲህ በየጊዜው ለመፈተሽ ካልሆነ አላስፈልግዎትም» ብሎ ገቢውን በገዛ እጁ አቋረጠ። እንከኑንም ልናገር፤ ያረፍዳል፣ ወሬ አያውቅም፣ የቤት ሥራችሁን ካልሠራችሁም ቡና ሳይጠጣ ይሄዳል።

የት ደረስክ ለምትሉኝ፦ ሱቄ ግማሽ ቀን እውላለሁ፣ ሜዳ ላይ ከዘራ ሳልይዝ እሄዳለሁ። የሸሚዝ ቁልፍ በግራ እጄ መቆለፍ ገና አልሆነልኝም። እሑድ ጓደኞቼ ጦሳ ሲወጡ እስከ ግርጌው አብሬያቸው ሄጄ ዳገቱ ሲከብድ እመለሳለሁ፤ እነሱም ቁርስ ላይ ይደርሱብኛል።

ልጁን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ አገናኛችኋለሁ። ኮምቦልቻም ይወርዳል። ከመምጣቱ በፊት ከሆስፒታል የወጣችሁበትን ወረቀት፣ የምትወስዱትን መድኃኒት ዝርዝር፣ የማይንቀሳቀስ ጠንካራ ወንበርና ተረከዙ የተዘጋ ጫማ አዘጋጁ፤ በነጠላ ጫማ አያሠራም። ሰኞ አትቅጠሩት፤ ሰፈሩ ሰኞ ገበያ አካባቢ ስለሆነ በገበያ ቀን መንገዱ ተዘግቶበት ከሌላው ቀን የባሰ ያረፍዳል።