ከሐዋሳ ወደ ኬንያ፦ በሞያሌ ወይስ በአውሮፕላን?

እንግሊዝኛ ትችላላችሁ፤ አስጎብኚ ሳትይዙ ኬንያን በራሳችሁ መዞር አስባችኋል። ከሐዋሳ ለሚነሳ ሰው ሁለት መንገድ አለ። እኔ በሁለቱም ሄጃለሁ። ልዩነታቸው በገንዘብና በሰዓት ብቻ አይደለም፤ የትኛው ቋንቋችሁ እንደሚሠራም ይለያያል።

በሞያሌ ርካሽ ነው፣ ግን አድካሚ ነው። በማለዳ ከመነኸሪያ ተነስታችሁ ዲላን፣ ይርጋጨፌን፣ ቡሌ ሆራንና ያቤሎን አልፋችሁ ሞያሌ ታድራላችሁ። ከዚያ እስከ ናይሮቢ 800 ኪሎ ሜትር ገደማ ይቀራል። መንገዱ አስፋልት ነው፤ ወገብ ግን ይጠይቃል። ከመነሳታችሁ አንድ ቀን ቀደም ብላችሁ መነኸሪያ ሂዱና የመስመሩን ሰላም ሹፌሮቹን ጠይቁ። ይህን አትዝለሉት።

ድንበሩ ላይ የሁለቱ አገር ሠራተኞች በጋራ ነው የሚያስተናግዱት። ከተማዋ ድንበሩን ተሻግራ የተዘረጋች ስለሆነች ሳታስቡት ልታልፉ ትችላላችሁ። ፓስፖርታችሁ ላይ የመውጫውም የመግቢያውም ማህተም መመታቱን ቆማችሁ እዩ።

ከሞያሌ እስከ ማርሳቢት ከእንግሊዝኛ ይልቅ ኦሮምኛ ነው የሚያዋጣው። አካባቢው ቦረና የሚኖርበት ነው። ሻሸመኔ ገበያ የለቃቀምኳት ኦሮምኛ ሻይ ቤትም አልጋ ቤትም አገልግላኛለች።

ማርሳቢት ትኬት ስቆርጥ ልጁ ለእኔ በእንግሊዝኛ «ኤይት» አለኝ። ከኋላዬ ለቆመችው ሴትዮ ደግሞ በስዋሂሊ «ሳ ምቢሊ» አላት። ምቢሊ ሁለት ማለት ነው። መኪናውም ሰዓቱም አንድ ነው! ስዋሂሊ ሰዓትን እንደኛ ከንጋት ጀምሮ ይቆጥራል፤ ጠዋት ሁለት ሰዓት ማለቱ ነበር። በእንግሊዝኛ ሲነግሯችሁ ግን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። ስለዚህ ሰዓቱ በየትኛው ቋንቋ እንደተነገራችሁ ልብ በሉ። ከተጠራጠራችሁ ትኬቱ ላይ አስጽፉ።

በአውሮፕላን ከሄዳችሁ ከቦሌ ናይሮቢ ሁለት ሰዓት ገደማ ነው። እስከ ቦሌ በአውቶቡስም መሄድ ይቻላል፤ 275 ኪሎ ሜትር ስለሆነ ግን በረራችሁ ጠዋት ከሆነ አዲስ አበባ እደሩ። ናይሮቢ ስትደርሱ እንግሊዝኛችሁ ዋጋ ያገኛል። ሆቴሉ፣ ባንኩ፣ የመንገዱ ምልክት፣ የምግብ ዝርዝሩ ሁሉ በእንግሊዝኛ ነው። ማታቱ የሚሉት ታክሲ ውስጥ ብቻ ረዳቱ በስዋሂሊ ያጣድፋችኋል።

በየትኛውም ብትሄዱ ኢትዮጵያዊ ቪዛ አያስፈልገውም፤ የቢጫ ወባ ክትባት ካርዳችሁን ግን ያዙ። እንደገባችሁ በፓስፖርታችሁ ሲም ካርድ አውጡና ኤም-ፔሳ አስከፍቱ። ያለ እሱ ትንሽ ሱቅ ውስጥ እንኳ ትቸገራላችሁ። በ2017 እ.ኤ.አ. ሥራ የጀመረውን የሞምባሳ ባቡር ትኬትም የምትከፍሉት በዚያው ነው። ጣቢያው ከናይሮቢ መሀል ራቅ ያለ ስለሆነ ሰዓት ያዙለት።

እረፍታችሁ አንድ ሳምንት ከሆነ ወይም ልጆች ከያዛችሁ ብዙ አታስቡ፤ በአውሮፕላን ሂዱ። ሁለት ሳምንት ካላችሁና ትንሽም ኦሮምኛ ከቻላችሁ በሞያሌ ግቡ፣ በአውሮፕላን ተመለሱ። ስትሄዱ መንገዱ ያስደስታል። ስትመለሱ ግን ያ ሁሉ ኪሎ ሜትር ከነሻንጣው በጣም ይከብዳል።